ሦስት ሚሊሜትር

«እንግዲያው ጥፋተኛው አንተ ነህ» አለች ልጁ። «ሐኪሟ አይደለችም፣ ማሽኑም አይደለም። ያስጀመርከኝ አንተ ነህ።»

መነጽር ሠሪው በእጁ የያዘውን ፍሬም ከማሞቂያው አፍ ላይ እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ። ፕላስቲኩ ከሚገባው በላይ እየላላ መሆኑን ጣቶቹ አውቀውታል፤ ልቡ ግን እዚያ አልነበረም።

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?»

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ አስቀመጥከኝ፤ ማስመሪያህን አፍንጫዬ ላይ አጋደምክ፤ ከዚያ ጮክ ብለህ ለእትዬ አስጻፍካት። ‹ቀኝ ሃያ ዘጠኝ፣ ግራ ሃያ ስድስት። አፍንጫዋ ወደ ግራ ሦስት ሚሊሜትር ይሄዳል› አልክ። ሱቁ ሙሉ ሰው ነበር።»

«ልክሽን ነው የተናገርኩት። ለማንም የማደርገው ነው።»

«አዎ» አለች፤ «ለማንም የምታደርገውን ነው ያደረግክልኝ።»

ከመደርደሪያው ጥግ ተቀምጣ ሌንስ የምትወለውለው የመነጽር ሠሪው ታላቅ እህት ጨርቋን አጣጠፈች። የልጅቱ እናት ከሞተች ጀምሮ ቤቱንም ልጅቱንም የያዘችው እሷ ናት፤ ወንድሟም ልጅቱም፣ የሰፈሩ ሰውም ጭምር «እትዬ» ይሏታል። «ኧረ ቀስ በሉ» አለች፤ «መንገደኛው ሁሉ ያለ ትኬት እየሰማችሁ ነው።»

ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች እንጂ ነገሩን አልተወችም። የምትሠራው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ባለ የውበት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሥራዋ ማሽን ማሠራት ነው፤ ባለጉዳይዋ አገጯን በማስደገፊያው ላይ ታሳርፋለች፣ መብራት ቦግ ይላል፣ ማሽኑ ከዓይን ወደ ዓይን፣ ከአፍንጫ ወደ ከንፈር፣ ከከንፈር ወደ አገጭ መስመር ያሰምራል፤ መጨረሻ ላይ ከመቶ ስንት እንደሆነች ይናገራል። ከዚያ ምኗ ቢነካካ ስንት እንደምትሆን ሐኪሟ ታስረዳለች። ልጅቱ ራሷን ለክታ ስልሳ አንድ አግኝታለች። የጎደለባት በሙሉ ማለት ይቻላል ከአንድ ቦታ የመጣ ነው፤ ማሽኑም ያንን ቦታ በቀይ አሰመረበት። አሁን ሐኪሟ አፍንጫዋን ልታቃናላት ቀን ቆርጣላታለች።

«ሥራሽ ነው ያሳበደሽ» አለ መነጽር ሠሪው።

«እሺ፣ ሥራዬ ነው። ለአንዷ ነጥቧን ስነግራት መጀመሪያ የምታየው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የኔን አፍንጫ። ትናንት አንዷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹የኔ እህት፣ እናንተ ቤት ለሠራተኛ አይሠራም እንዴ?›»

«ምን መለስሽላት?» አለች እትዬ።

«ምን እላታለሁ?»

«‹ምላስሽ ቀድሞ ይታከም ብዬ ተራዬን ለቀቅኩልሽ› አትያትም ነበር?»

ልጅቱ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ከንፈሯ ሲላላ አፍንጫዋ እንደልማዱ ይበልጥ ወደ ግራ አዘነበለ፤ መነጽር ሠሪው ይህንን አየና ዓይኑን ወደ ማሞቂያው መለሰ። እሷ ግን ዓይኑ ሲሸሽ አይታዋለች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «በዕድሜዬ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ‹ቆንጆ ነሽ› ብለኸኝ ታውቃለህ?»

አፉን ከፈተ። ሊናገር የፈለገው ነገር እንደነበረ ያውቃል፤ ነገር ግን ከጉሮሮው በታች የተሰለፉት ቁጥሮች ብቻ ነበሩ። እሱ ቃሉን ሲፈልግ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ደወል ጮኸና አንድ ወፍራም የጭነት መኪና ሾፌር ገባ።

«ሚሊሜትር፣ እንዴት ዋልክ» አለ። ሰፈሩ መነጽር ሠሪውን በዚህ ስም ነው የሚጠራው፤ ስም ያወጣለት ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ እሱም ተቀይሞበት አያውቅም። «ፊት ቀጠን የሚያደርግ ፍሬም አለህ?»

«ፊት የሚያቀጥን ፍሬም አልተሠራም» አለች እትዬ፤ «ራት መተው ነው ያለህ።»

ሾፌሩ ሲስቅ ልጅቱ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወጣች። መነጽር ሠሪው ወደ እጁ ተመለከተ። ፍሬሙ ከመጠን በላይ ሞቆ እንደ ደረቀ ቅጠል ተኮማትሯል። ቅርጫት ውስጥ ጣለውና ማስመሪያውን አነሳ።

ሾፌሩ ተለክቶ ከሄደ በኋላ እትዬ ጨርቋን ሳታነሳ ብዙ ቆየች።

«ንገራት» አለች።

«ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለህ ደግሞ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆኖ የሚቀጣው ያ አፍንጫ የማን እንደሆነ ንገራት።»

ሚስቱን ያወቃት በዚሁ ሱቅ፣ በዚያው ወንበር ላይ ነው። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ መነጽሯ ሁልጊዜ ስለሚያዘነብልባት ተማርራ መጣች። ልኳን ሲወስድ አፍንጫዋ ከግንባሯ ቀጥ ብሎ ወርዶ፣ መሃል ላይ ሲደርስ አንድ ሰው ከጎን የጠራው ይመስል ወደ ግራ ዘንበል ሲል አየ። ቀኝ ሠላሳ ሦስት፣ ግራ ሠላሳ። እንደገና ለካ። ለሦስተኛ ጊዜ ማስመሪያውን ሲያነሳ «ምነው፣ ፊቴ አልገባህም እንዴ?» አለችው። «ገብቶኛል» አለ፤ አንገቱ ድረስ ላብ አጠመቀው። ከፍሬሙ የአፍንጫ ማረፊያዎች አንዱን ወደ ውስጥ፣ ሌላውን ወደ ውጭ አጥፎ ሲያደርግላት መነጽሩ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ቀጥ ብሎ የተቀመጠላት መነጽር አልነበረም። ልታመሰግን ተመልሳ መጣች፤ ቀጥሎ ብሎን ላላ ብላ መጣች፤ ቀጥሎ ያለ ምክንያት መጣች።

ስትሞት ልጅቱ ገና መዳህ አልጨረሰችም። የቀሩት ፎቶዎች ጥቂት ናቸው፤ በሁሉም ውስጥ ሴትየዋ ፊቷን ወደ አንድ ጎን አዙራለች። ካሜራ ፊት ስትቆም የምታደርገው ይህንኑ ነበር። እሱ ሴትነት ነው፣ መቆነጃጀት ነው ብሎ አልፎታል፤ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቃትም። ስለዚህ አልበሙን የሚያገላብጥ ሰው ያ አፍንጫ ሦስት ሚሊሜትር መሄዱን ሊያውቅ አይችልም። ልጅቱም አታውቅም።

የልጁ አፍንጫ ያው የእናቷ መሆኑን እሱ ራሱ በእርግጠኝነት ያወቀው ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ስትቃረብ ነው። ፈተና ሊደርስ ሲል መነጽሯን ሰበረች። ሌላ እስኪደርስላት ከመሳቢያው የእናቷን ፍሬም አውጥቶ የልጅቱን ሌንስ ገጠመበት፤ ካደረገችው በኋላ ማረፊያዎቹን በልኳ ሊያጥፍላት ጉጠቱን ይዞ ተጠጋ። የሚታጠፍ ነገር አልነበረም። መነጽሩ ከዚያ ፊት ወርዶ የማያውቅ ያህል ተቀመጠ። ጉጠቱን እንደያዘ «ብሎን ላምጣ» ብሎ ወደ ጓዳ ገባና ብዙ ቆየ። ሲመለስ ልጅቱ «ይሄ የአሮጊት ፍሬም ከየት መጣ?» አለችው። «ሳይሸጥ የቀረ ነው» አላት። የእናትሽ ነው ቢላት እንባው እንደሚቀድመው ያውቅ ነበር።

«ብነግራት ትተወዋለች» አለ ለእትዬ።

«እንድትተወው አልነበረም እንዴ የፈለግከው?»

«ነው። ግን ከዚያ በኋላ መስታወት ባየች ቁጥር የምታየው የራሷን ፊት አይሆንም። እንዴት ብዬ የሰው መቃብር ፊቷ ላይ እተክላለሁ?»

እትዬ ጨርቋን መልሳ አነሳች። «አንተ ሰውዬ» አለች በመጨረሻ፣ «መናገር ሲያስፈልግ ዝም፤ ዝም ማለት ሲያስፈልግ ሚሊሜትር።»

ነገሩን በሆዱ ይዞ ሰነበተ። ማታ ማታ ሦስቱም አንድ ገበታ ላይ ይቀርባሉ፤ ልጅቱ ስለ አየሩ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ታወራለች፤ እሱ «እህ» ይላል። ከምግቡ ቀና ሲል ዓይኑ ሳያዝዘው የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነበር። እሷም ይህን ታያለች፣ እጇንም ወደ ፊቷ ትወስዳለች። እንደዚህ ባየ ቁጥር እየጎዳት መሆኑ ይገባዋል፤ አለማየት ግን አልቻለም፤ ሊሄድ የተነሳን እንግዳ ሰው እንዲሁ ዓይን ዓይኑን ያያል።

በመጨረሻ እነግራታለሁ ብሎ ቆረጠ። ቤት ውስጥ ሳይሆን በሥራ ቦታዋ፣ ሊያለቅስ በማይችልበት ቦታ። ሱቁን ለእትዬ ትቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ወደ ክሊኒኩ ሄደ።

ግድግዳው ነጭ፣ አበባው ፕላስቲክ ነው። በተርታ የተቀመጡት ሴቶች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ አንዷ የሌላዋን ፊት በስርቆሽ ያያሉ። ልጁን ነጭ ካፖርት ለብሳ ከማሽኑ ኋላ አገኛት። አላየችውም። ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጠ።

«አገጭሽን እዚህ፣ ግንባርሽን እዚያ» ትላለች። «ተንፍሺ እንጂ፣ የኔ እህት። ትንፋሽ አያበላሽም።»

መነጽር ሠሪው ደነገጠ። የራሱ አነጋገር ነው። ማስመሪያ አፍንጫው ላይ ሲያርፍ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው ሁሉ ከሱ የሚሰማው ይህንኑ ነው፤ በዚያው ዜማ፣ በዚያው ዝግታ። ሙያውን ሳያወርሳት ወርሳዋለች።

መጀመሪያ የተለካችው ሴት መልኳ ከወጣች በኋላ የማይታወስ ዓይነት ነበር፤ ማሽኑ ሰማንያ ሦስት ሰጣት። አላመነችም፣ እንደገና ልለካ አለች፣ እንደገና ሰማንያ ሦስት ሆነች። ቀጥላ የገባችው ፊተ ክብ ነች፤ ከመቀመጧ በፊት ስለ ወንበሩ አንድ ቀልድ ጣል አድርጋ ተርታውን በሙሉ አሳቀች፤ ስትስቅ ክፍሉ ሰፋ። አምሳ ስምንት አገኘች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ወረደ፤ ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ እንደገባችው ሴት አልነበረችም። ልጅቱ ከኋላዋ «ቁጥር ነው እኮ፣ አይዞሽ» አለቻት። ድምጿ ውስጥ ማዘን ነበረ። ቢሆንም ቀጣይዋን ጠራች።

ቀጣይ አልነበረም፤ ሰዓቱ የምሳ ሆኗል። ቀና ስትል አባቷን አየችው።

«አባዬ? ምን ሆናችሁ? እትዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ማሽንሽን ልይ ብዬ ነው።»

ፈገግ አለች። ከተጣሉ ወዲህ የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር። «ና ተቀመጥ እንግዲያው። ሌላውን ስትለካ ኖረህ አንተን የለካህ የለም።»

አገጩን አስደገፈ። ትንፋሹን ያዘ። «ተንፍስ» አለችው፤ ሁለቱም ከየት እንደመጣ አውቀው ሳቁ። መብራቱ ቦግ አለ። ልጅቱ ስክሪኑን አየች፣ ጎንበስ ብላ እንደገና አየች።

«ሰማንያ ሰባት» አለች። «ዛሬ ከተለካው ሰው ሁሉ አንደኛ ወጣህ።»

«በይ ጠጋኝ ጥሪለት፤ ማሽኑ ተበላሽቷል።»

«አልተበላሸም። ይኸው፤ ግራህና ቀኝህ እኩል ነው። ቅንጣት ታህል አልተዛነፈም።» ጣቷን በስክሪኑ ላይ በወረደው አረንጓዴ መስመር አስኬደች፤ ሳቋ እያለቀ ሄደ። «ታዲያ እኔ ይሄን አፍንጫ ከማን አመጣሁት?»

በክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም። ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ ሌላ ቀን እንደማያገኝ ያውቃል። «ከ…» አለ። የሚስቱን መጠሪያ አፉ ላይ አደረሰው። ከዚያ ልጁን አያት፤ ጥያቄውን እንደዋዛ ጠይቃዋለች፣ ዓይኗ ግን ፈርቷል፤ አሁን የሚናገረው ነገር በዚያ በማሽኑ ወንበር ላይ ለዘላለም ሊያስቀምጣት የሚችል መሆኑን ያወቀች ይመስል። ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«መነጽርሽን» አለ፣ «ከተሠራሽ በኋላ እስከ መቼ ነው የማታደርጊው?»

ልጅቱ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች። «እስኪድን ድረስ አፍንጫዬን ምንም ነገር መንካት የለበትም ብላኛለች ሐኪሟ። ከወር በላይ።»

«ያለ መነጽር እኮ በርና ግድግዳ አትለዪም።»

«እየዳበስኩ።»

«እየዳበስሽ አትሆኚም» አለ። «አፍንጫ የማይነካ መነጽር እሠራልሻለሁ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ማስመሪያ የሚይዝበትን፣ አሁን ባዶ የሆነውን ቀኝ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። ፈቃዱን የሰጣት መሰላት። ሊከለክል ሄዶ መርቆ ተመለሰ።

ለብየዳ ሠራተኞች የፊት መከላከያ የሚሆን የግንባር ቀበቶ ከጎረቤቱ ከበያጁ ለመነ። የአፍንጫ ማረፊያ የሌለው ቀላል ፍሬም ከቀበቶው ላይ በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አንጠለጠለ፤ ሽቦዎቹን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅስ ብሎን ሰካ። ሌላ ሥራ እየመጣ ሲጠብቀው እሱ ግን በዚህ ላይ ዋለ፤ አፈረሰው፣ እንደገና ሠራው። ሥራው ሲያምርለት ሆዱ ይባባል፣ ሲበላሽበት ደግሞ ደስ ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ ራሱን አልጠየቀም።

እትዬ ሙከራ ብላ ራሷ ላይ አሰረችው። «እንዴት ነኝ?» አለች።

«ፈረስ ትመስያለሽ» አለች ልጅቱ።

«ፈረስ እንኳ እንዲህ ሲለጎም ያምርበታል። በይ እንግዲህ፣ ባንቺ የሚያምር ከሆነ ለኔም ሌላ ይሠራልኛል።»

ሦስቱም ሳቁ። ልጅቱ ስትስቅ መነጽር ሠሪው በዚህ ጊዜ ዓይኑን ከፊቷ አልነቀለም። እስኪበቃው አየ። አልበቃውም።

ልጅቱ ከቀዶ ጥገናው ስትመለስ አፍንጫዋ ላይ ጀሶ ነበር፤ የዓይኖቿ ዙሪያ ጠቁሮ አብጧል። በሩ ላይ ቆማ እጆቿን ወደፊት ዘረጋች። መነጽር ሠሪው ቀበቶውን በግንባሯ ላይ አሰረላት፣ ብሎኑን አዞረ፣ ሌንሶቹ ከዓይኖቿ ፊት ለፊት ሲደርሱ «አሁን?» አለ። «አየሁህ» አለች። መስታወት እንዲሰጣት ጠየቀች፤ ጀሶውን አየች፣ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ብሎኑን የሚያስተካክልላት እሱ ነው። በነዚያ ቀናት እንደ ልጅነቷ ሁሉ ፊቷን ለሱ ለቃ ትቀመጣለች። ደግ ጊዜ ነበር ቢባል ይቻላል። ከጀሶው በታች ያለውን አሁን ሁለቱም አያዩትም።

ጀሶው ከተነሳ በኋላ እብጠቱ ቀስ እያለ ጎደለ፤ ሐኪሟም መደበኛ መነጽር ማድረግ ትችያለሽ ስትላት ልጅቱ ሱቁ መጥታ በዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የድሮው መነጽር አይሆናትም፤ አፍንጫዋ መሃል ሲገባ የሌንሶቹም መሃል መቀየር አለበት። ልክ እንደ አዲስ መወሰድ ነበረበት።

መነጽር ሠሪው ማስመሪያውን አፍንጫዋ ላይ አጋደመ። እጁ ከብዙ ልምድ የተነሳ ወደ ግራ ሊሄድ ነበር፤ መለሰው። አፍንጫው ከግንባሯ ጀምሮ እስከ ጫፉ በክር የተለካ ይመስል ቀጥ ብሎ ወርዷል። የሚጠራው ሰው ከጎኑ አልነበረም።

«እትዬ፣ ጻፊ» አለ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ለልጁ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረው። «ቀኝ ሠላሳ አንድ ተኩል። ግራ ሠላሳ አንድ ተኩል።»

«እኩል ነው?»

«እኩል ነው።»

ልጅቱ ዓይኖቿን ጨፈነች። የሆነ ከባድ ዕቃ ከትከሻዋ ላይ እንደወረደላት ሰው ረጅም ትንፋሽ አወጣች። እትዬ ግን ከመዝገቡ ቀና ብላ «ጮክ በል፣ አልሰማሁም» አለች።

አዲሱ መነጽር የደረሰ ቀን ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም፤ እትዬም ከጎረቤት ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ወሬ ላይ ነበረች። መነጽር ሠሪው ሊያጥፍላት ጉጠቱን ይዞ ቀረበ። መነጽሩ ከካርቶኑ እንደወጣ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ለማንም ተብሎ የተሠራ ፍሬም ነው፤ አሁን ይስማማታል። ጉጠቱ በእጁ ላይ ቀረ።

ልጅቱ መስታወቱን ይዛ ብዙ ጊዜ አየች። አዲስ ፊቷን ያለ ቀበቶው በደንብ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እንዴት ነኝ?» አለች።

«ቆንጆ ነሽ» አለ።

ቃሉ ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አያውቅም ነበር። ምንም ሳይታገለው፣ ምንም ሳይነካው ወጣ። ለማንኛዋም ደንበኛ ሊለው ይችል ነበር።

ልጅቱ መስታወቱን ዝቅ አደረገች። በአዲሱ መነጽር ውስጥ ዓይኖቿ ጥርት ብለው ያዩታል። «አሁን አልከው» አለች። ቆይታም «እትዬ ነግራኛለች» አለች።

«ምኑን?»

«የእናቴ መሆኑን። ከመሠራቴ በፊት ነው የነገረችኝ። አንተ ክሊኒክ የመጣህ ዕለት ማታ።»

መነጽር ሠሪው ከመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ተደገፈ። «እያወቅሽ ነዋ።»

«እያወቅኩ ነው። መጀመሪያ ልተወው ነበር። ከዚያ አልበሙን አውጥቼ እንደገና አየሁት። ልጅ ሆኜ እነዚያን ፎቶዎች ሳይ፣ እናቴ ሁልጊዜ የምትወደው ሰው ከጎኗ ቆሞ እሱን የምታይ ይመስለኝ ነበር። ለካ ፊቷን መደበቋ ነው።» ቆም አለች። «እሷም ጠልታዋለች አባዬ። ዕድሜዋን ሙሉ ዞራ ኖረች። እንደኔ የሚያቃናላት አጥታ እንጂ እሷም ታደርገው ነበር አልኩ። ለሁለታችንም ነው የተሠራሁት።»

«እኔ እኮ» አለ መነጽር ሠሪው።  «እኔ እኮ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። በሱ ነው እሷን…»

«ነግረሃታል?»

 ባወቃት ማግስትም፣ በተጋቡ ዕለትም፣ ልጅ በወለደችለት ዕለትም የነገራት ምን እንደነበረ ያውቃል። መነጽሯ እንዳያዘነብልባት አድርጎ አጥፎላታል። በዓመት በዓመት ልኳን ወስዶላታል። ሴትየዋም በእያንዳንዱ ልክ፣ ልጁ በዘጠኝ ዓመቷ የሰማችውን ያንኑ ነገር ሰምታለች ማለት ነው፤ ከዚያም ሄዳ ካሜራ ፊት ትዞራለች። ይህን እስከዛሬ አስቦት አያውቅም ነበር። የሚነግራት ሰው አሁን የለም፤ ያን አፍንጫ ሊያይበት የሚችለው ፊትም የለም።

ልጅቱ አንገቷን ደፋ አድርጋ የድሮውን መነጽር ከቦርሳዋ አወጣች። አንዱ ማረፊያ ወደ ውስጥ፣ ሌላው ወደ ውጭ ታጥፏል። «ይሄን ለቸገረው ስጠው» አለች፤ ክፋት በድምጿ አልነበረም። «ሌንሱ ቢቀየር ለአንድ ሰው ይሆናል።»

«ለማንም አይሆንም» አለ።

ይህን ሲል ደወሉ ጮኸና እትዬ ፀጉር ሠሪዋን አስከትላ ገባች፤ ከኋላቸው የላላ የመነጽሩን ብሎን ሊያስጠብቅ የመጣው ሾፌር ነበር። «የታለች? እስቲ ወደ ብርሃኑ ዙሪ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ የልጅቱን አገጭ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻት። «ውይ፣ በስመአብ። ይሄማ በማስመሪያ የተሰመረ ነው።»

«ማሽኑ ስንት ሰጠሽ?» አለች እትዬ።

«ሰባ ዘጠኝ።»

«በአባትሽ ትበለጫለሽ እንግዲህ። በይ ለሱም አንድ አፍንጫ ጠምዘዝ አድርጉለት፣ እኩል ትሁኑ።»

ሾፌሩ መነጽሩን ማስጠበቁን ረስቶ ሳቀ። ፀጉር ሠሪዋ ፀጉርሽን ወደ ኋላ ብትይዢው ይበልጥ ይወጣልሻል አለች፤ ሾፌሩ የለም፣ እንዳለ ይሁን አለ፤ እትዬ ፍርድ ስትሰጥ መስታወቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ልጅቱ መሃላቸው ቆማ ወደ ግራ ተባለች፣ ወደ ቀኝ ተባለች፣ ከዚያም ፊት ለፊት ተባለች፤ ፊት ለፊት ቆመች፣ ፈገግ አለች፣ አልዞረችም።

መነጽር ሠሪው ጉጠቱን ቦታው ላይ ሰቀለ። የሥራ ካፖርቱን አውልቆ ከሚስማሩ ላይ አንጠለጠለ፣ ኮቱን ለበሰ። የድሮውን መነጽር ከመደርደሪያው ላይ አነሳ፤ አላጣጠፈውም፣ ማረፊያዎቹ እንዳይነኩ የመነጽሩ ክንዶች እንደተዘረጉ በደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው። በሾፌሩና በግድግዳው መካከል በጎን አለፈ። ደወሉ ጮኸ።

«ትንሽ ቀና በይ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እንደሱ። እንዲያ ነው።»